የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ በኋላ

የሱቅ በር ሲዘጋ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ባለሱቁ ቁልፉን ያዞራል፤ የተረፈውን ዕቃ ሸጦ ወይም ጭኖ ይሄዳል፤ በማግሥቱ በዚያው ቤት ሌላ ሰው ሌላ ንግድ ይጀምርበታል። ፋብሪካም ቢሆን ሲዘጋ መኪናው ይነቀላል፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ቦታውም ለሌላ ሥራ ይውላል። ከምድር በታች ያለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ግን እንደ ሱቅና እንደ ፋብሪካ አይዘጋም። የመጨረሻው ሠራተኛ ከወጣ፣ መብራቱ ከጠፋና በሩ ከታሸገ በኋላም ጉድጓዱ የራሱን ሥራ ይቀጥላል። ውሃ ይሞላዋል፤ ጋዝ ይጠራቀምበታል፤ ጣራው እየተናደ ይወርዳል። ከበላዩ የሚኖረው ሰው ይህን ካላወቀ፣ ወይም ዐውቆ ካልተጠነቀቀ፣ የአያቶቹ ዕዳ አንድ ቀን ከቤቱ ወለል ሥር ብቅ ይላል።

ለአንባቢዎቻችን ዛሬ የምናቀርበው ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ የሚመለከት ነው። የከሰል ማውጫ እንዴት ይዘጋል? ከተዘጋስ በኋላ ሰውን፣ ወንዝንና መሬትን እንዳይጎዳ ምን ይደረጋል? ወጪውንስ የሚችለው ማን ነው? ነገሩን በደንብ ለመረዳት ከሰልን ከሁሉ በፊት በብዛት ወደ ቈፈሩት አገሮች መሄድ ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የመጨረሻው ፈረቃ

የኤውሮፓን ፋብሪካ፣ ባቡርና መርከብ ለብዙ ትውልድ ያንቀሳቀሰው የድንጋይ ከሰል ነው። በብሪታንያ የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ማውጫ፣ በዮርክሸር የሚገኘው ኬሊንግሊ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 2015 ሥራውን አቆመ። ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 2018፣ በጀርመን አገር በቦትሮፕ ከተማ የነበረው ፕሮስፐር ሃኒየል የተባለው ማውጫ ተዘጋ። በዚያን ዕለት ማዕድን ቈፋሪዎቹ ከምድር ሆድ ያወጡትን የመጨረሻ የከሰል ድንጋይ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር አስረከቡ። በዚህም በጀርመን አገር የጥቁር ከሰል ቍፋሮ ታሪክ ተፈጸመ።

ነገር ግን የተፈጸመው ቍፋሮው እንጂ ሥራው አልነበረም። ጀርመኖች ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ሥራ ሲጠሩት «የዘለዓለም ሥራ» ይሉታል። ስሙ ለማጋነን የወጣ አይደለም። ለምን እንዲህ እንደተባለ ለማወቅ፣ ከምድር በታች ምን እንደቀረ መመልከት ይበቃል።

ከምድር በታች የቀረው አገር

ከሰል በድንጋይ ንብርብር መካከል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚገኝ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር አይበልጥም፤ ስፋቱ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቈፋሪዎች ወደዚህ ንብርብር የሚደርሱት ቀጥ ብሎ በሚወርድ ዋና ጉድጓድ ነው። ከዚያም ከሰሉን እየተከተሉ ወደ ጐን መተላለፊያ ይከፍታሉ። በዘመናት ውስጥ አንዱ ማውጫ ከሌላው ጋር እየተገናኘ፣ ከላይ ካለው ከተማ ሥር ሌላ ጨለማ ከተማ ይሠራል ማለት ነው።

በጥንቱ አሠራር ጣራው እንዳይወድቅ ከከሰሉ ከፊሉ ሳይቈፈር ምሰሶ ሆኖ ይተው ነበር። ይህ ምሰሶ እየተሸራረፈ፣ ውሃም እየበላው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ሊደረመስ ይችላል። በኋለኛው አሠራር ደግሞ ከሰሉ በሙሉ እየተጠረገ ይወጣና ጣራው ከቈፋሪዎቹ በስተኋላ እንዲወድቅ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ከላይ ያለው መሬት ቶሎ ይሰምጣል፤ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባብዛኛው ይረጋል። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚዘጋው ማውጫ በየትኛው አሠራር እንደተቈፈረ ካላወቀ፣ ከላዩ ቤት መሥራት ይቻል እንደሆነና እንዳይሆን ሊናገር አይችልም።

ከተዘጋ ማውጫ የሚመጣው ጉዳት በአምስት ይከፈላል፤ እነሱም ውሃ፣ ጋዝ፣ የመሬት መስመጥ፣ እሳትና ከላይ የተከመረው ቆሻሻ ድንጋይ ናቸው። እያንዳንዱን በየተራው እንመልከት።

ውሃው ሲመለስ

ማንም ሰው ጉድጓድ ቢቈፍር ውሃ ያገኛል። የከሰል ማውጫም ከውሃ መጠን በታች የሚቈፈር በመሆኑ፣ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሌሊትና ቀን በፓምፕ ውሃ ይወጣለታል። ማውጫው ተዘግቶ ፓምፑ ሲቆም ግን ውሃው ወደ ጥንት ቦታው መመለስ ይጀምራል። አመላለሱ የዝግታ ነው፤ ዓመታት፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥርታት ዓመታት ይፈጅበታል። በዚህ መካከል ምንም የሚታይ ነገር ስለሌለ ሰዉ ሁሉ ጉዳዩን ይረሳዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደተባለው ነው።

ውሃው ንጹሕ ሆኖ ቢመለስ ኖሮ ክፋቱ ባነሰ ነበር። ዳሩ ግን በከሰልና ከሰሉን በከበበው ድንጋይ ውስጥ የብረትና የድኝ ውሁድ የሆነ ማዕድን አለ። ቀለሙ ወርቅ ስለሚመስል ብዙዎች የሞኝ ወርቅ ይሉታል። ይህ ማዕድን ተቀብሮ ሳለ ጉዳት የለውም። በቍፋሮው ምክንያት አየርና እርጥበት ሲያገኘው ግን ይለወጥና ሰልፈሪክ አሲድና በውሃ የሚሟሟ ብረት ይሆናል። የሚመለሰው ውሃ ይህን ሁሉ አጥቦ ይዞ ይወጣል። ከምድር በታች ሳለ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከላይ ከአየር ጋር ሲገናኝ ግን በውስጡ ያለው ብረት ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። ያን ጊዜ የወንዙ ወለል ብርቱካን ቀለም ይለብሳል፤ በድንጋዩ ሥር የሚኖሩት ትናንሽ ነፍሳት ይታፈናሉ፤ እነሱን የሚበላው ዓሣም ይጠፋል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። በጃንዋሪ ወር 2021 በዌልስ አገር ስኪዌን በምትባል መንደር፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ በአንድ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ መተላለፊያ በመደፈኑ የተጠራቀመው ውሃ በድንገት ገንፍሎ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ፈሰሰ። ነዋሪዎቹም ቤታቸውን ጥለው ለመሸሽ ተገደዱ። በዚያ መንደር ከሰል መቈፈር ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? መሐንዲሶች ውሃው እስኪገነፍል አይጠብቁም። ማውጫው ሲዘጋ ከላይ ወደ ታች ቀጭን የመመልከቻ ጉድጓዶች ይበሳሉ፤ በእነዚህም የውሃው ከፍታ በየጊዜው እየተለካ ይመዘገባል። ውሃው ከአደጋው ወሰን ሲቃረብ በፓምፕ ይወጣና ወደ ማጥሪያ ቦታ ይወሰዳል። አብዛኛው የማጥራት ሥራ ቀላልና ማንም ሰው አይቶ ሊረዳው የሚችል ነው። በመጀመሪያ ውሃው በደረጃ ላይ እየዘለለ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በዚህም አየር ያገኛል። ቀጥሎ በሰፊ ኵሬ ውስጥ ሲተኛ ዝገቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። በመጨረሻም ሸምበቆና ቄጤማ በተተከለበት ረግረግ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ የቀረው ብረት በተክሎቹ መካከል ይቀራል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ወንዝ ይለቀቃል። አሲዱ የበዛ እንደሆነ ኖራ ወይም ሌላ አሲድ የሚያበርድ ነገር ይጨመርበታል።

በብሪታንያ እንዲህ ያሉ የማጥሪያ ቦታዎች ከ70 በላይ ናቸው። በዓመት የሚያጠሩትም ውሃ ከ100 ቢሊዮን ሊትር ይበልጣል። በደርሃም አውራጃ ውሃው እንዲሁ ቢተው ኖሮ፣ ከማውጫዎቹ በላይ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘውን የሕዝብ የመጠጥ ውሃ ይበክል ነበር። እንግዲህ ፓምፑ እዚያ የሚሠራው ለወንዝ ውበት ብቻ ሳይሆን ሰው ለሚጠጣው ውሃም ጭምር ነው።

የማይታየው ጋዝ

ከሰል በተፈጥሮው ሜቴን የተባለውን ጋዝ በውስጡ ይዟል። ሜቴን ቀለምና ሽታ የለውም። በአየር ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ በሆነ ጊዜ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ካገኘችው ይፈነዳል። ከዚህ ሌላ በተዘጋ ማውጫ ውስጥ ከሰሉና እንጨቱ ኦክሲጅንን ቀስ በቀስ ይበሉታል። የሚቀረው ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት የሞተ አየር ነው። ይህ አየር አይፈነዳም፤ ነገር ግን ሰው በውስጡ ከገባ ሳያውቀው ራሱን ይስታል፤ ቶሎ ካልወጣም ይሞታል።

ይህ ጋዝ ወደ ላይ የሚወጣበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውሃው ከታች ሲሞላ ጋዙን እየገፋ ያወጣዋል። ሁለተኛ፣ ማዕበል ሲመጣና የውጭው የአየር ግፊት ሲቀንስ ታፍኖ የቈየው ጋዝ በስንጥቅና በአሮጌ ጉድጓድ በኩል ይተነፍሳል። ስለዚህ የተዘጋ ማውጫ ከአየሩ ጠባይ ጋር አብሮ ይተነፍሳል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በስኮትላንድ አገር ጎርብሪጅ በምትባል ከተማ የሆነው ነገር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚያ በአሮጌ የከሰል ማውጫ ላይ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተው ሰው ገብቶባቸው ነበር። በ2013 አንዳንድ ነዋሪዎች ሕመም ተሰማቸውና ሲመረመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመሬት ውስጥ ወደ ቤቶቹ እንደሚገባ ታወቀ። ሰዎቹ ወጡ፤ ገና አዲስ የነበሩት 64 ቤቶችም እንዲፈርሱ ተደረገ። ቤቶቹ ሲሠሩ ከወለላቸው ሥር ጋዝ የሚከለክል ንጣፍ አልተደረገላቸውም ነበር። ከጠቅላላው የግንባታ ወጪ ጋር ሲነጻጸር የንጣፉ ዋጋ ትንሽ ነው። የእኛ ሰው ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ጋዝን በሙሉ አፍኖ ማስቀረት አይቻልም፤ በአንድ በኩል ሲደፈን በሌላ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ዐዋቂዎች መውጫ ይሠሩለታል። በታሸገው ዋና ጉድጓድ ላይ ከፍ ያለ የብረት ቧንቧ ይተከላል፤ ጋዙም ከሰው ርቆ ወደ አየር ይወጣል። የሜቴኑ መጠን በቂ በሆነበት ስፍራ ደግሞ ጋዙ ተስቦ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ኤሌክትሪክም ያመነጫል። ሜቴን ወደ ሰማይ ሲለቀቅ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ ማቃጠሉ ሁለት ጥቅም አለው።

አፉ እንዴት ይታሸጋል?

በብሪታንያ ወደ አሮጌ የከሰል ማውጫ የሚያስገቡ የታወቁ ጉድጓዶችና በሮች ከ170,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ የተተዉት ሕግ ሳይኖር ነው። የጥንት ባለማዕድኖች ጉድጓዱን ለመዝጋት ሲፈልጉ ከአፉ ጥቂት ሜትር ዝቅ ብለው እንጨት ይረበርቡና አፈር ይመልሱበት ነበር። ከላይ ሲታይ የተሞላ ይመስላል። እንጨቱ በበሰበሰ ጊዜ ግን አፈሩ በሙሉ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከላዩ ያለ ቤት ወይም የሚሄድ ሰው ቢኖርም አብሮ ይወርዳል።

የዛሬው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያ ከማውጫው ውስጥ ዘይት፣ ነዳጅ፣ ባትሪና ውሃን የሚመርዝ ሌላ ዕቃ ሁሉ ይወጣል፤ ውሃ ከሞላ በኋላ ማንም ገብቶ ሊያወጣው አይችልምና። ቀጥሎ ከዋናው ጉድጓድ ወደ ጐን የሚሄዱት መተላለፊያዎች በጠንካራ ግድግዳ ይዘጋሉ፤ ይህም የሚሞላው ድንጋይ ወደ ጐን እንዳይፈስ ነው። ከዚያ ጉድጓዱ በውሃ በማይሟሟ ጠንካራ ድንጋይ ከታች እስከ ላይ ይሞላል። ድንጋዩ እስኪረጋ ተጠብቆ የጐደለው ይጨመርበታል። በመጨረሻም ብረት የገባበት ወፍራም የኮንክሪት ክዳን ይደረግበታል። ክዳኑ በልል አፈር ላይ ሳይሆን በጽኑ አለት ላይ እንዲያርፍ፣ ስፋቱም ከጉድጓዱ አፍ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል። የጋዝ መውጫው ቧንቧ ይተከልና፣ ወደፊት የሚመጣ ሰው ከምን ላይ እንደቆመ እንዲያውቅ የጉድጓዱ ስምና ቦታ ይመዘገባል።

የማይጠፋ እሳት

ከሰል ለመቃጠል የተፈጠረ ነገር ስለሆነ፣ አየር የሚያገኝ አሮጌ ማውጫ ለእሳት የተመቸ ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ አገር ሴንትራሊያ የምትባል ከተማ ነበረች። በግንቦት ወር 1962፣ በአሮጌ የከሰል ቍፋሮ ጉድጓድ ውስጥ በተጣለ የከተማ ቆሻሻ ላይ የተነሣው እሳት ሳይታሰብ ከሥሩ ወዳለው ከሰል ተሻገረ። ከዚያም አየር በሚያልፍባቸው የተተዉ መተላለፊያዎች እየተከተለ ሄደ። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት፤ ግን ሊጠፋ አልቻለም። በ1981 አንድ ልጅ በድንገት በተከፈተ የሚጤስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በሰው ርዳታ ለጥቂት ተረፈ። በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕዝቡን ለማስፈር 42 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከ1,000 ሰው በላይ ይኖርባት የነበረችው ከተማ ከሞላ ጐደል ባዶ ቀረች። እሳቱ እስከ ዛሬ ከሥሯ ይነዳል። ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ቀዳዳዎች ምክንያት ነው፤ ማውጫዎች በጥንቃቄ የሚታሸጉበት አንዱ ምክንያትም አየር እንዳያገኙ ለመከልከል ነው።

የአበርፋን ልጆች

ስለ ከሰል ማውጫ ጉዳት ሲነገር የአበርፋን ስም ሳይነሣ አይቀርም። አበርፋን በዌልስ ሸለቆ ውስጥ ያለች የማዕድን ቈፋሪዎች መንደር ናት። ከማውጫው የሚወጣው የማይፈለግ ድንጋይና ጭቃ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ይከመር ነበር። ከክምሮቹ ሰባተኛው የተከመረው ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ ላይ ነበር። በ1963 የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ የሚከመረው ነገር እንደሚያሰጋቸው በደብዳቤ ለማዕድኑ ባለሥልጣኖች አስታውቀው ነበር። ደብዳቤው ደረሰ፤ መልስም ተጻፈ፤ ክምሩ ግን ማደጉን ቀጠለ።

ኦክቶበር 21 ቀን 1966፣ ዓርብ ጧት፣ ልጆቹ ለአጭር ዕረፍት ሊበተኑ የቀራቸው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ በውሃ የራሰው ክምር ተንዶ ቍልቍል ወረደና ፓንትግላስ የተባለውን ትምህርት ቤትና በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች ቀበረ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 116ቱ ልጆች ነበሩ። ነገሩን የመረመረው ጉባኤ ጥፋቱ ብሔራዊ የከሰል ቦርድ ከተባለው የመንግሥት ድርጅት ላይ እንደሚወድቅ ፈረደ።

ከሐዘኑ በኋላ የተደረገው ደግሞ ሌላ ሐዘን ነበር። ከተራራው ላይ የቀሩት ክምሮች እንዲነሡ ሕዝቡ ሲጠይቅ፣ ለሟቾች ቤተ ሰብ ከዓለም ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ለማስነሻው እንዲከፈል ተደረገ። ገንዘቡ የተመለሰላቸው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1997 ነው። በ1969 ግን ስለ ክምሮች ደኅንነት አንድ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ክምር ከምንጭ ላይ እንዳይደረግ፣ ውሃው በቦይ እንዲወጣ፣ ቍልቍለቱ እንዲላላ፣ ማውጫው ከተዘጋም በኋላ በየጊዜው እንዲመረመር ሆነ። በብዙ ሸለቆዎች ዛሬ ክምሮቹ ተስተካክለው ሣርና ዛፍ በቅሎባቸዋል።

የተረሳው ማስታወሻ

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚይዙ ወጣቶች አንዳንድ ጊዜ ሥራቸው ዋጋ የሌለው ይመስላቸዋል። የሎፍትሐውስ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል።

በብሪታንያ ከ1872 ጀምሮ ማንኛውም የሚዘጋ ማውጫ ካርታውን ለመንግሥት እንዲያስረክብ በሕግ ታዝዞ ነበር። ከዚያ በፊት የተተዉት ግን ብዙዎቹ ካርታ የላቸውም። ማርች 21 ቀን 1973 በዮርክሸር በሎፍትሐውስ ማውጫ ሠራተኞች ከሰል ሲቈፍሩ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ተቈፍሮ የተተወና ውሃ የሞላበት አሮጌ ጉድጓድ በድንገት ተነደለባቸው። ውሃው መተላለፊያዎቹን ሁሉ አጥለቀለቀ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ አስከሬኑ ሊገኝ የቻለው ግን የአንዱ ብቻ ነበር።

ኋላ ሲመረመር አንድ የሚያሳዝን ነገር ተገኘ። ስለዚያ አሮጌ ጉድጓድ የሚናገር ጽሑፍ አልጠፋም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጽፈውት፣ ደብተሩም በሊድስ ከተማ በአንድ የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን ሥራውን ያቀዱት ሰዎች ደብተሩን ሄደው አልተመለከቱትም። የሰባት ሰዎች ሕይወት በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። በ1979 የወጣው ደንብ ከማንኛውም ቍፋሮ በፊት እንዲህ ያለ የጥንት ጽሑፍ ሁሉ እንዲፈለግና እንዲመረመር የሚያስገድድ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ማውጫን ለመዝጋት ከሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ከኮንክሪትም ከፓምፕም የሚበልጠው ትክክለኛ ካርታ መሆኑን ነው። ኮንክሪት ሊሰነጠቅ፣ ፓምፕም ሊበላሽ ይችላል፤ ካርታው ካለ ግን ሁለቱም ይጠገናሉ። ካርታው ከጠፋ የሚጠገነው ቦታ ራሱ አይታወቅም።

ዕዳው የማን ነው?

ከሰል ሲቈፈር ትርፉ የሚገኘው ዛሬ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከሠላሳና ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ኩባንያው ፈርሶ፣ ባለቤቶቹም ሞተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥበበኛ መንግሥት የመዝጊያውን ገንዘብ የሚሰበስበው ማውጫው ገና ትርፍ እያስገኘ ሳለ ነው።

አገሮች ይህን በልዩ ልዩ መንገድ አድርገውታል። አሜሪካ በ1977 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ ኩባንያ ከሚያወጣው ከሰል በቶን እየተሰላ የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍል አዘዘች። ገንዘቡም ባለቤት ለሌላቸው አሮጌ ማውጫዎች ማስተካከያ ይውላል። ብሪታንያ በ1994 የከሰል ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ ይህም መሥሪያ ቤት የቀድሞ ማውጫዎችን ጉዳት ይከታተላል። ስሙም በ2024 የከሰልን ስም ትቶ ማዕድን ያበላሸውን ቦታ በማስተካከል ሥራ ተሰይሟል። ወጪው የሚሸፈነው ባብዛኛው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ስለሆነ፣ ከሰሉን ያላየ ትውልድ ለከሰሉ ይከፍላል ማለት ነው።

ጀርመኖች የተከተሉት ዘዴ ከሁሉ የተለየ ነው። በሩር አካባቢ በብዙ ዘመን ቍፋሮ ምክንያት መሬቱ ሰምጧል፤ በኤሰን ከተማ አንዳንድ ቦታ ስምጠቱ 25 ሜትር ያህል ደርሷል። ሰፊ የሆነው የሕዝብ መኖሪያ ከወንዞቹ በታች ስለሆነ ፓምፖቹ ቢቆሙ ሐይቅ ይሆናል። ስለዚህ ፓምፖቹ ለዘለዓለም መሥራት አለባቸው። ወጪው ማውጫዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት በዓመት 220 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ተገምቶ ነበር። ይህን የሚችል ተቋም በ2007 ተመሠረተ። ተቋሙ በአንድ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያና በሌሎች ድርጅቶች ውስጥ አክሲዮን አለው፤ ዋናውን ገንዘብ ሳይነካ ከሚያገኘው ትርፍ የውሃውን ሥራ ያካሂዳል። ባለርስት ሰው ለልጅ ልጁ መሬቱን አቆይቶ ምርቱን ብቻ እንደሚበላ ያለ ነው።

ከጉዳት የተገኘ ጥቅም

ነገሩ ሁሉ የሚያሳዝን ብቻ አይደለም። ጥልቅ ማውጫን የሞላው ውሃ በምድር ሙቀት ምክንያት ክረምትና በጋ ለብ ያለ ነው። በኔዘርላንድ አገር ሔርለን የምትባለው ከተማ የከሰል ማውጫዎቿ በ1974 ተዘግተው ካለቁ በኋላ፣ ከ2008 ጀምሮ ከ700 ሜትር ጥልቀት 28 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ ውሃ እያወጣች ቤቶቿን ማሞቅ ጀመረች። በእንግሊዝ አገር የጌትስሄድ ከተማም በ2023 እንዲህ ያለውን ሥራ አስጀምራለች። የአያቶቹ ከሰል ተቃጥሎ ቤት ሲያሞቅ ኖረ፤ አሁን ደግሞ ከሰሉ የወጣበት ባዶ ቦታ ያለ ጢስ ያሞቃል። በኤሰን ያለው የጾልፈራይን ማውጫ በ1986 ከተዘጋ በኋላ ሳይፈርስ ተጠብቆ በ2001 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ዛሬ ቤተ መዘክርና የጥበብ ትምህርት ቤት አለበት።

ለእኛስ?

በአገራችንም በያዩ፣ በደልቢና ሞዬ፣ በጭልጋ፣ በውጫሌና በሌሎችም ቦታዎች የድንጋይ ከሰል እንዳለ የታወቀ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም የአገር ውስጥ ከሰል ይጠቀማሉ። እኛ በዚህ ሥራ ጀማሪዎች ነን፤ ጀማሪ መሆን ደግሞ አንድ መልካም ነገር አለው፤ ቀድሞ የሄደው ሰው የት እንደወደቀ አይቶ በሌላ በኩል ማለፍ ይቻላል። አንድ ማውጫ ሲከፈት አዘጋጉ አብሮ እንዲታቀድ፣ የመዝጊያው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲጠራቀም፣ ቆሻሻው ድንጋይ ከምንጭና ከመንደር ርቆ እንዲከመር፣ የተቈፈረው ሁሉ በካርታ እንዲገባ ማድረግ ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አሳቢ ሰው ነው።

ያ አሳቢ ሰው ትልቅ ባለሥልጣን ብቻ ሊሆን አይገባም። ዛሬ ሥነ ምድርና ምሕንድስና የሚማረው ተማሪ ነገ የውሃውን ከፍታ የሚለካ፣ የክምሩን ቍልቍለት የሚያሰላ ይሆናል። በአውራጃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ተቀብሎ ቍጥር የሚሰጠው ወጣት ጸሐፊ ደግሞ አንድ ቀን እንደ አበርፋን ያለ ማስጠንቀቂያ በእጁ ሊገባ ይችላል። ደብዳቤውን ከመዝገብ ጋር አጣፍቶ ማስቀመጥ ይችላል፤ መልስና ሥራ እስኪያገኝ መከታተልም ይችላል። የሎፍትሐውስ ሰባት ሰዎችና የአበርፋን 116 ልጆች የሞቱት በዕውቀት ማነስ አልነበረም። ዕውቀቱ በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ የጐደለው አንብቦ የሚነሣ ሰው ነው።